ከዴስክቶፑ ላይ የተነሳው ፎልደር

ጀዊሪያ፣

ወደ እጽዋት ማዕከሉ ለሥራ ሄጃለሁ። ኮምፒውተራችንን ከመክፈትሽ በፊት ይህን አንብቢ።

ማስታወሻ የምጽፍበት ፕሮግራም ኢንተርኔት አይጠቀምም። የጻፍኩት ሁሉ ያለው ዴስክቶፑ ላይ በነበረው «ችግኝ» በሚለው ፎልደር ውስጥ ብቻ ነው። አንቺ «ተዝረክርኮ አስጠላኝ» ብለሽ ስታነሺው ፕሮግራሙ ባዶውን ተከፈተብኝ። የሁለት ዓመት ማስታወሻዬ!

ዛሬ ጠዋት አገኘሁት። የእህትሽ ሰርግ ፎቶዎች መሃል ከተሽዋል። «ፎልደር ክፈት» የሚለውን ተጭኜ ያለበትን ሳሳየው ሁሉም መጣ፤ አንድ መስመር አልጎደለም።

ደስ እንዳይልሽ። የሰው ዕቃ ሳይጠየቅ አይነሳም። ከእንግዲህ ፎልደሬን አታንቀሳቅሺ፣ ስሙንም አትቀይሪ። መጻፍ ካማረሽ የራስሽን ክፈቺ።

ትናንት አከራያችን እትዬ ሙሉ ፊት «ሆን ብላ አጠፋችብኝ» ብዬ ጮህኩ። «ወላሂ አላጠፋሁትም» ስትዪ አላስጨረስኩሽም።

እሳቸው ጋ ሄጄ «ተሳስቼ ነው» አልልም። በቃ፣ አልችልበትም።

ይህን ወረቀት ግን እንዳትጥዪው። እትዬ ሙሉ መነጽራቸውን ካደረጉ ማንበብ ይችላሉ።

ሳሌም