ለእህቴ የላክሁት ቀይ ልብ

ጥር ፫
ወተቱ ገነፈለ። እኔ የት ነበርኩ? እዚያው ምድጃው አጠገብ፣ ስልኬ ላይ አፍጥጬ። አንዲት የማላውቃት ሴት ምድጃዋን እንዴት እንደምታጸዳ እያሳየች ነበር። ጎበዝ ናት። የኔን ምድጃ ግን እስከ ምሳ ሰዓት ስፍቅ አረፈድኩ።

ታናሽ እህቴ ድንቡሼ ደግሞ ሰፊ ባርኔጣ ደፍታ፣ ሐይቅ ዳር ቆማ ፌስቡክ ላይ ወጥታለች። ለሐይቅ ጊዜ አላት። ለእኔ ለመደወል ግን... ቀይ ልብ ላክሁላት። ጨዋ ነኛ!

ጥር ፭
ልጄን «የፌስቡክ ገጼን አጥፊልኝ» አልኳት።
«እማዬ፣ ከሰው ትለያያለሽ እኮ!»
«ከየትኛው ሰው?»
ትንሽ አሰበች። ከዚያ አጠፋችው።

ጥር ፲
ዓለም አልቆመችም። ለልደቴ አበባና ሻማ ሲደረድሩልኝ ከነበሩት ወዳጆቼ መካከል መጥፋቴን ልብ ያለ የለም። ሐዘናቸውን በሆዳቸው ይዘውት ይሆናል።

አንገቴ እንደ ልብ መዞር ጀምሯል። እንቅልፍም ያለ ኪኒን ይመጣል። ዐይኔ ሲቃጠል ጥፋቱን በመነጽሬ እያላከክሁ ኖሬያለሁ... ምስኪን መነጽር።

ጥር ፲፬
የሰው ምሳ የማይበት ገጽ ስለሌለኝ የራሴን በላሁ። ቁጭ ብዬ፣ እያላመጥኩ። ለካ ጨው አበዛለሁ!

ድንቡሼ አሁንም አልደወለችም። ምነው፣ ከሐይቁ አልተመለሰችም? ወይስ በዚህ ዕድሜዋ ዋና እየተማረች ነው? እኔ እንደሁ ታላቅ ነኝ፣ ቀድሜ አልደውልም። ነገ ቤቷ ሄጄ ልክ ልኳን እነግራታለሁ።

ጥር ፲፭
ሄድኩ። በሩን በግራ እጇ ከፈተችው። ቀኙ በጄሶ ታስሯል። ሹራቧን ገልብጣ ለብሳለች። ጸጉሯ የወፍ ጎጆ መስሏል።
«እትዬ! ማን ነገረሽ?»
«ማንም። ሐይቁ እንዴት ነበር ልልሽ ነው የመጣሁት።»
«የምን ሐይቅ? እሱማ የአምና ፎቶ ነው። መታጠቢያ ቤት ወድቄ እጄ ተሰብሮ፣ ምን ሐይቅ አለኝ!»
«ታዲያ ለምን አወጣሽው?»
«ጄሶዬን ላውጣልሽ? ሰው እንዲያዝንልኝ አልፈልግም።» ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «አንቺ ትደውያለሽ ብዬ ስጠብቅ... ልብ ላክሽልኝ።»

ልክ ልኳን ልነግራት የሄድኩት እኔ!

ማበጠሪያዋን ፈልጌ ከኋላዋ ቆምኩ።
«ቀስ በይ እንጂ! እንደ ልጅነታችን ነቅለሽ ልትጨርሽው ነው?»
«ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ።»
ከኋላዋ መሆኔ በጀኝ። ፊቴን አላየችውም።

ጥር ፳
ጄሶው እስኪፈታ ድንቡሼ እኔ ጋ ናት። ጠዋት ጠዋት የሹራቧን ቁልፎች እቆልፍላታለሁ። «አነቅሽኝ!» ትላለች። ምስጋናዋ መሆኑ ነው።

ዛሬም ወተቱ ገነፈለ። ሁለታችንም አጠገቡ ነበርን... ወሬ ይዘን። ምድጃውን ማን ያጽዳ? ዞር ብዬ አየኋት። ጄሶዋን ከፍ አድርጋ አሳየችኝ።

ይቆይ፣ አልኩ። ወሬው አላለቀም።