የቢጫው ካርድ አሥር ቀን

ለምወድሽ እህቴ፣

ጤናሽና እንቅልፍሽ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን። እማዬም ጉልበቷ ተሽሏት ደረጃውን ብቻዋን ትወጣለች።

እኔ አሁንም መንገደኞችን እከትባለሁ። ትናንት ማክሰኞ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? የቀድሞ ባልሽ! የቢጫ ወባ ክትባት ተወግቶ ካርዱን ሊወስድ ነው። የሚሄድበትን አገር ስጠይቀው ያንቺን ከተማ ጠራልኝ። ከዚያ እጅጌውን ሰቅሎ ያንን አንቺን ሲመታ የኖረ ቀኝ ክንዱን ዘረጋ። እጄ ትንሽ ከብዶበት ይሆናል።

«በረራዬ ከነገ ወዲያ ነው» አለኝ።

«ካርዱ የሚሠራው ከአሥር ቀን በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት አገሩ አያስገቡህም» አልኩት።

«በናትሽ እህቴ፣ ቀኑን ወደኋላ አድርገሽ ጻፊልኝ!»

እህቴ አለኝ! ደጅ አስወጥቶሽ ስትለምኚው ያልሰማ ሰው እኔን ለመነኝ። የዕለቱን ቀን በትልቁ ጽፌ ማህተሜን ረገጥኩበት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ያ የላላው የበርሽ ቁልፍ ተሠራ? የሥራ ባልደረባሽ እኔ ጋ ኑሪ ብላሽ አልነበር? እሺ በያት እንጂ፣ ብቻ መሆን ምን ያደርጋል። ስልክሽ ስለማይነሳ ይህን በፈጣን ፖስታ ልኬዋለሁ።

እማዬ ጉንጭሽን ስማለች። አሥሩ ቀን የሚሞላው በሚመጣው ሳምንት ዓርብ ነው።

እህትሽ