ከግድግዳው ወዲያ የተሰማው ገጽ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 8

ዛሬም ተኩስ ስለነበር ለማስተማር አልወጣሁም። ለእማዬ ስለ አርበኞች የተጻፈውን ልብወለድ አነበብኩላት። ጆሮዋ ስለሚከብድ ጮክ ማለት አለብኝ። «ጠላት የገሳይን ከተማ አልፏል፤ ነገ እዚህ ይደርሳል» የሚለው ጋ ስደርስ፣ ከጭቃው ግድግዳ ወዲያ የሆነ ነገር ወድቆ ተሰበረ።

ጥቂት ቆይቶ ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ ልብሳቸውን በአንሶላ ቋጥረው መጡ።

«ሬዲዮው ነው እንዲህ ያለው ልጄ? በየት በኩል እንውጣ?»

መጽሐፉን አሳየኋቸው። የጣልያን ጊዜ ታሪክ ነው፣ ያውም ልብወለድ አልኳቸው። ሽፋኑን ዳሰሱት።

«ጣልያን ከሆነስ ደግ፤ እሱስ ሄዷል» አሉ። ቋጠሯቸውን ግን ሳይፈቱ ይዘውት ተመለሱ።

የከነከነኝ፣ ጠላት የተባለው ማን እንደሆነ አለመጠየቃቸው ነው። ቢጠይቁኝስ ምን እላቸው ነበር? እዚህ ሰፈር ሁላችንም የምንለው «እነሱ» ብቻ ነው። ስም መጥራት ያስፈራል።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ንባቡን ብቀጥል እማዬ አልሰማ አላት።

«ገሳይን አልፈዋል አላልሽም? አሁንስ የት ደረሱ?» አለችኝ።

መጽሐፉን ዘጋሁት። ከዚያ ጋቢዋንና ጫማዋን አምጥቼ በሩ አጠገብ አስቀመጥኩ።