ሙሉ አምካኝ ልትሆን ነው

ሰኞ

«እትዬ ጽጌ፣ መቀቀል ሊቀር ነው!»

ሙሉ ሳታንኳኳ ነው የገባችው። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ አልቆም ብሎ፣ ፊቷ እንደ አዲስ ሙሽራ በርቶ። ሙሉ ከግድግዳዬ ወዲያ የሚኖሩት የእማማ በለጡ ምራት ናት። ሆስፒታል ውስጥ መቀስና መርፌ ትቀቅላለች። ክፍሉ «መቀቀያ»፣ ሠራተኞቹ «ቀቃዮች» ነው የሚባሉት። አንዳንዱ ሐኪም በበሩ ሲያልፍ «ዛሬ ምን ቀቀላችሁልን?» ይላቸዋል አሉ። ድንች ይመስል!

አሁን አዲስ ማሽን መጥቷል። በታፈነ እንፋሎት የሚሠራ፣ ከፈላ ውሃ እጅግ የሚበልጥ ግለት ያለው። ሥልጠናውም አብሮ ታደሰ። እስከ ዛሬ ሥልጠና ማለት የቆየችው ቀቃይ ለአዲሷ «ሲንተከተክ ትንሽ ታገሺና አውጪው» ማለት ነበር። አሁን ሲስተር ዘነበች የምትባል አሠልጣኝ ሳምንቱን ሙሉ ከሥሩ ልታስተምራቸው ነው። ቅዳሜ ፈተና። ያለፈች ማሽኑ ላይ ትመደባለች፤ የወደቀችም የቀረችም ልብስ ማጠቢያ ክፍል ትዛወራለች። ሙሉ ይህችን የመጨረሻዋን በጥድፊያ ነው ያለፈቻት። እኔ ግን ሰማኋት።

ለምሠራበት መጽሔት አምዴ ስለ ሽንኩርት አያያዝ እየጻፍኩ ነበር። ማን ሽንኩርት ያስባል!

ማክሰኞ

የጌጃ ሰፈር ግድግዳ ጭቃ ነው። ጆሮ መጣል አያስፈልግም፣ ወሬው ራሱ ይመጣል።

ራት ተበልቶ ሙሉ ሰሃን እያጠበች ትምህርቷን እንደ ዳዊት ትደግማለች። «ማጠብ። ማድረቅ። መጠቅለል። ማምከን። ማስቀመጥ።»

«ማ... ምን?» አሉ እማማ በለጡ።

«ማምከን፣ እማዬ! አዲሱ ስሙ ነው። ቀቃይ መባል ቀረልን። ካለፍኩ አምካኝ ልባል ነው!»

የሰሃን መሰበር ድምፅ።

ሙሉ ካገባች ዓመት አልፏታል። እማማ በለጡ ልደታ ማርያም ደጅ የሚጠኑት ለምን እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«እኔ ለልጅ ልጅ ጥላ ተስዬ፣ አንቺ መምከን ተምረሽ ትመጪልኛለሽ? በቅሎ ልትሆኚብኝ ነው?»

«ኧረ እማዬ፣ የሚመክነው መቀሱ ነው!»

«መቀስ መች ወልዶ ያውቃል!»

ትራሴን ነክሼ ሳቅኩ። ሳቄ ግን ብዙ አልቆየም። ባሏ ታደሰ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ጎማ ይለጥፋል። የጭነት መኪና ጎማ ብቻውን ሲያነሳ አይቻለሁ፣ ከእናቱ ቃል በላይ ግን አንድ ገለባ አያነሳም። «እማዬ ካለች... ለጊዜው ብትቀሪስ?» አላት።

ለጊዜው! ጊዜው እኮ እስከ ቅዳሜ ነው።

ረቡዕ

ሙሉ ቀረች። እኔ ቤት ተቀምጣ ስታለቅስ ዋለች። ሲስተር ዘነበች በሥራ ጓደኛዋ በኩል ልካባታለች፦ ነገም ከቀረች ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል።

«ልብስ ማጠብ ነውር ሆኖብኝ አይደለም» ትለኛለች። «ግን የማሽኑን ክዳን አንዴ አስከፍታኛለች፣ እትዬ። እንደ ካዝና በር ነው የሚከብደው። እኔ ከፈትኩት።» ይህን ስትል እንባዋ መሀል ፈገግ አለች። በቃ፣ አንጀቴን በላችው።

የቀበሌው ኅብረት ሱቅ ለሳሙና ስንሰለፍ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። «ማሽኑ አጠገብ የቆመች ሴት አትወልድም አሉ።» ሌላዋ «ይሄማ ሆን ተብሎ የመጣ...» ብላ ስትጀምር፣ ሦስተኛዋ የቀበሌ ጆሮ እንዳይሰማ በክርኗ ጎነጠቻትና ሁላችንም ስለ ሳሙናው ማውራት ጀመርን።

ከሰልፉ ስመለስ እማማ በለጡን በራቸው ላይ አገኘኋቸው።

«እማማ፣ እሺ ስሙን እንተወው። ማንጻት እንበለው።»

«አንቺ ጽጌ፣ ጋዜጠኛ ስለሆንሽ ስም ስትለውጪ ሥራው የሚለወጥ ይመስልሻል! ጅብን አያ ብትይው አህያ መብላት ይተዋል?»

ከአፌ «እንግዲያው ነገ ሆስፒታል ሄደው በዓይንዎ ይዩት» የሚል አመለጠኝ።

«እሄዳለሁ! እዚያው ነው የማዋርዳት፣ ያቺን ሲስተር!»

ምን ነካኝ?

ሐሙስ

ኧረ ዛሬስ! ብዕሬ አልያዝ አለኝ።

እማማ በለጡ ነጠላቸውን ለቤተ ክርስቲያን እንደሚያጣፉት መስቀለኛ አጣፍተው ሄዱ። ሙሉ ከኋላ፣ እኔ መሀል። ማሽኑን ሲያዩ አማተቡ። እውነትም ያስፈራል፤ ሆዱ እንደ በርሜል፣ ሰዓት መሳይ መለኪያው እንደ ዓይን፣ ይተነፍሳል።

«የሰው ምራት የምታመክኚው አንቺ ነሽ?»

ቀቃዮቹ ሁሉ ቀጥ አሉ። ሲስተር ዘነበች አጭር፣ ፈጣን ሴት ናት፤ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ወንበር ሳበችላቸው።

«እናቴ፣ ጀርም ያውቃሉ?»

«ምነው አላውቅ! በሬድዮ ስንቴ ተነገረን።»

«ይወልዳል።»

«ማን?»

«ጀርሙ። ውሃ ስናፈላበት አብዛኛው ይሞታል። ጠንካራው ግን ይደበቅና ሲቀዘቅዝለት ወጥቶ ይወልዳል። ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ ምንጅላት ሳይቀር። እዚህ ማሽን ውስጥ ከገባ ግን ዘር አይተርፈውም። ማምከን ያልነው እሱን ነው።»

እማማ በለጡ፣ ለማንም ሳይሆን፣ «ከታደሰ በፊት ሴት ልጅ ነበረችኝ» አሉ። «ያስወጋናት ቦታ አብጦ... መርፌ መረዛት።»

ስንት ዘመን ጎረቤት ሆነን! የዚህን ሰፈር ወሬ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም እል ነበር፤ ይህን አልሰማሁም። ሙሉም አልሰማችም፣ ከፊቷ ያስታውቃል።

ሲስተር ዝቅ ብላ «መርፌው ላይ የወለደ ነገር ይሆናላ፣ እናቴ» አለቻቸው።

አሮጊቷ ብድግ አሉ። ማሽኑን ሽቅብ ቁልቁል አዩት፣ እንደ ጠላት ሳይሆን እንደ ቅጥር ጠባቂ።

«ይምከን!» አሉ። «ዘር ማንዘሩ ይምከን!»

ቀቃዮቹ በአንድ አፍ «አሜን!»

«ምራቴ የት ጋ ነው የምትቆመው?»

ዓርብ

ቤቴ ሆስፒታል ሆኗል። ሙሉ ያመለጣትን ትምህርት ሲስተር ትናንት ከሰዓት አሳይታታለች፤ ዛሬ ልምምድ ነው። ዕቃው የሚገባበት ከበሮ የሚሉት ክብ ቆርቆሮ አለ። ጎኑ ላይ ቀዳዳዎች አሉት፤ እንፋሎቱ እንዲገባ ማሽን ውስጥ ሲገባ ይከፈታሉ፣ ሲወጣ ይዘጋሉ። እኛ የብስኩት ቆርቆሮ ያዝን። ቀዳዳዎቹን በከንፈር ቀለሜ ሣልኳቸው። (ከእህቴ በስጦታ የመጣ ነበር። ይሁን።)

የእኔ መቀስ፣ የእኔ ማንኪያዎች፣ የታደሰ ጉጠት፣ ሁሉም በትራስ ልብስ ተጠቀለሉ። እማማ በለጡ ከሲስተር የባሱ ፈታኝ ወጣቸው።

«መቀሱን ለምን ገጠምሽው? ተከፍቶ ይቀመጥ ተብለሽ የለም? አፉን ካልከፈተ በምን ይናዘዛል?»

«እንደ ጠዋት አውቶቡስ አትጠቅጥቂው! በምን ይተንፍስ?»

ሁሉ ይሄድላትና ቀዳዳው ላይ ስትደርስ ትረሳለች። ደጋግማ ረሳችው። ልታለቅስ ምንም አልቀራት። ታደሰ በር ላይ ቆሞ ሲያይ ቆየና «የጎማ ቫልቭ ነው በይው፣ ሙልዬ» አላት። «ቫልቩ ካልተከፈተ ብትነፊ ብትነፊ ምን ይገባል?»

ከማክሰኞ ወዲህ የተናገረው የመጀመሪያ ረብ ያለው ነገር። እናቱም ሳይቀሩ ተገርመው አዩት።

ቅዳሜ

ሥራ አልገባሁም። አዘጋጁ ሽንኩርቱን ይጠብቅ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ከዘበኛው ጋር ቆሜ ቀረሁ፤ ፈተና ላይ እንግዳ አይገባም። እማማ በለጡ ጠዋት ለኪዳን ልደታ ማርያም እንደሄዱ ናቸው። ቆይተው መጡ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ትኩስ ዳቦ ታቅፈው።

«ማንን ፈልገው ነው፣ እናቴ?» አላቸው ዘበኛው።

«አምካኟን።»

ዘበኛው ወደ ኋላ አለ። «ማንን?»

«አምካኟን! ምራቴን! ጆሮህንም ከበሮ ውስጥ እንክተተው እንዴ?»

ከዚያ ሙሉ ስትሮጥ መጣች፣ እጇ ላይ አንዲት የወረቀት ቁራጭ። ከጥቅሉ ላይ የሚለጠፍ ነው፤ እንፋሎቱ በሚገባ ከደረሰው ነጣ ያሉት መስመሮች ይጠቁራሉ። እንደነገረችን፣ ፈተናው ላይ ክዳኑን ልትዘጋ ስትል «በምን ይተንፍስ?» የሚለው የአማቷ ድምፅ ጆሮዋ ላይ ጮኸባት፤ ከበሮውን መልሳ አውጥታ ቀዳዳዎቹን ከፈተች።

«ጠቁሯል?» አሉ እማማ በለጡ።

«ጠቁሯል፣ እማዬ! አለፍኩ!»

ቁራጯን ተቀብለው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሯት። ተቃቀፍን፣ ዳቦው ተጨፈለቀ፣ ዘበኛውም ደረሰው።

«ጥላውስ፣ እማማ?» አልኳቸው ቀስ ብዬ።

«ጥላው እንዳለ ነው። እሱ የማርያም ጉዳይ ነው፣ ይሄ የማሽን።» ወደ ሰማይ አየት አደረጉ። ስለዚያኛው ማናችንም የምናውቀው የለም።

ወደ ሰፈር ስንመለስ ግን ያገኙትን ሁሉ እያስቆሙ «ምራቴ አምካኝ ሆነችልኝ!» ይላሉ። ሴቶቹ ክው ይላሉ። እማማ በለጡም ወዲያው አያስረዱም። ደንግጠው እስኪበቃቸው ድረስ፣ ደስ እያላቸው፣ ይጠብቃሉ።