ለአማቼ፣ ስለተሰነጠቀው ሮተር

ውድ አማቼ ካሶንዴ፣

ስምህን መጻፌ ራሱ ድፍረት ነው። ልጄን ቾምባን ካገባህ ወዲህ መንገድ ላይ ስታየኝ ትዞራለህ፤ እኔም ፊቴን ሸፍኜ አልፋለሁ። አማች የማስገባቱ ድግስ ተደግሶ የበቆሎ ገንፎ ንሺማና ዶሮ ሳላቀርብልህ ቃል እንድንለዋወጥ ወጋችን አይፈቅድም። እስከ ዛሬ አልከፋኝም፤ እንዲያውም በጨዋነትህ ጎረቤት ላይ እኩራራ ነበር። ዛሬ ግን ያው ጨዋነትህ አስፈራኝ።

ነገሩ ከማዕድን ጉድጓዱ ውሃ የምታወጣበት የፓምፕህ ሞተር ነው። ባለፈው ሳምንት ወደ ጥገና ክፍላችን ሲመጣ የፈታሁት እኔ ነኝ። መሐል ላይ የሚሽከረከረው ሮተር ስስ ብረቶች ተደራርበው የተሠራ ነው፤ በውስጣቸው የመዳብ ዘንጎች ያልፋሉ፣ የዘንጎቹም ጫፍ በሁለቱም በኩል በቀለበት ይታሰራል። ዘንጎቹን በትንሽ መዶሻ መታ መታ ሳደርግ አንዱ እንደ ሌሎቹ አልጮኸም። ቀለበቱ ሥር ተሰንጥቋል። ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ዘንጎቹ በሙሉ ይቀየሩ አልኩ። አለቃችን ሲምቤዬ ሳቀብኝ።

«ባና ቾምባ፣ የቾምባ እናት፣ የሠርግ ጌጥ አይደለም የምትሠሪው። ላዩን በይጂውና ይውረድ፤ ውሃው አንቺን አይጠብቅም።»

እምቢ ስል አጠገቤ የሚሠራው ቺሉፍያ በየደውና ወረደልህ።

ዛሬ አላስችል ብሎኝ ወደ ፓምፕ ክፍሉ ደወልኩ። አነሳኸው። «ካሶንዴ፣ እኔ ነኝ» ስልህ ድምፄን አወቅከው። ትንሽ ዝም አልክና እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው ቀስ አድርገህ ዘጋኸው። በዚያች ዝምታ ግን ከኋላህ ሞተሩን ሰማሁት። ድምፁ ከፍ ይላል፣ ይደክማል፣ ደግሞ ከፍ ይላል። ብየዳው ለቋል ማለት ነው። የተቆረጠው ዘንግ ሸክሙን አጠገቡ ላሉት ይተዋል፤ እነሱም ግለው ይበጠሳሉ። የአንዱ ጫፍ ቀና ካለ ደግሞ ዙሪያውን ያለውን ጥቅል ሽቦ ይቀደዋል። ያን ጊዜ ፓምፑ ይቆማል፣ ውሃው አንተ ያለህበትን ክፍል ይሞላል።

ለሲምቤዬ ብነግረው፣ በስልክ ሞተር የምትመረምር ሴት ዛሬ አየሁ ብሎኝ ሄደ። ቺሉፍያን አንተ ደውልልኝ ብዬ ለመንኩት።

«ከሥራዬ አታፈናቅይኝ» አለኝ። «ወረቀት ከሆነ ግን ስጪኝ፤ ማን እንደጻፈው አላየሁም።»

ይህን ደብዳቤ አሁን ወደ ጉድጓዱ በሚወርደው ፈረቃ ሠራተኞች እጅ ይልክልሃል።

ካሶንዴ ልጄ፣ ሞተሩ ሲያቃስት ሁላችሁም አጥፍታችሁ መልሳችሁ ታስነሱታላችሁ አሉ። እባክህ እንዳታደርገው። ዘንጉን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው መነሳቱ ነው። መጀመሪያ ተጠባባቂውን ፓምፕ አስነሳ፣ ከዚያ ይህን አጥፋው፣ ከአጠገቡም ራቅ። ቾምባ በሆዷ የያዘችው ልጅ አባት አልባ ሆኖ እንዳይወለድ ፈራሁ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ፈረቃው እንደወረደ መልሼ እደውላለሁ። ወግህን አላስጥስህም፤ አታናግረኝ። ስልኩን አንሳና ሳትዘጋው ጠረጴዛው ላይ ተወው። ተጠባባቂው ሲነሳ፣ ይህኛው ዝም ሲል፣ እዚህ ሆኜ እሰማለሁ።

የሚስትህ እናት፣
ባና ቾምባ