የራስጌው ግድግዳ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ትምህርቱስ፣ እንቅልፉስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም መሰላል ላይ ካልወጣሁ ዝም ይላል። ይህን ደብዳቤ ነገ አስተማሪሽና ያ ባለመነጽሩ ጓደኛሽ ከሄዱ በኋላ ብቻሽን አንብቢው።

ሰላምታዬን ሳልጨርስ አንድ ነገር ላውጣ፤ ካሳደርኩት አይወጣልኝም። እናትሽ ባረፈችበት ቀን ስትጠራኝ ሰምቻታለሁ። ለአንቺም ለዘመድም «ደጅ ነበርኩ፣ አልሰማሁም» ብያለሁ። ሰምቻለሁ። በረንዳው ላይ የቀለም ብሩሽ እያጠብኩ ነበር። ታማ ከአልጋዋ ሆና ትራሱን አስተካክል፣ ውሃ አቀብለኝ፣ መስኮቱን ክፈተው፣ መልሰህ ዝጋው ስትለኝ ቀኑን ሙሉ ስገባ ስወጣ ነበር የዋልኩት። ደከመኝ፣ ልጄ። ይቺን ብሩሽ ልጨርስ ብዬ ማጠቤን ቀጠልኩ። ስገባ አልፋለች። ከዚያ ወዲህ ስጸልይ ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ እዘረዝርና ይህቺን አልፋታለሁ፤ እግዚአብሔርን ማታለል የሚቻል ይመስል።

አሁን ከጓደኛሽ ጋር ወደ ሠራችሁት የስልክ ጨዋታ ልምጣ። መመረቂያ ሥራችን ነው ብለሽ አሮጌውን ስልክሽን ስትሰጪኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ስልኩን ከፊቴ ይዤ ስዞር ቤታችን እንዳለ በካሜራው ይታያል፤ እናትሽ ጣልኩት ስትል የኖረችው ዕቃ ግን ስልኩ ውስጥ ብቻ በየቦታው ተቀምጧል። መነጽሯ ሬዲዮው ላይ፣ መቀሷ መስኮቱ ሥር። «እሷ እያለች ስንፈልገው የኖርነው ሁሉ እዚህ ነበር እንዴ?» ብዬ ሳቅኩ። ስልኩ ውስጥ ወደፊት የሚመራኝን ቁልፏን ተከትዬ መኝታ ቤት ገባሁ። ከአልጋው ራስጌ፣ ተደግፋ ስትቀመጥ የጸጉሯ ቅባት ያጠቆረው ቦታ አለ አይደል? ስልኩን ወደዚያ ሳዞር ድምጿ መጣ።

«አንተዬ፣ ና እስቲ።»

ተጫዋቹ «አቤት» ካላለ ጨዋታው አያልቅም፣ ደጋግማ ትጠራለች አልሽኝ። ድምጿን ከየት አገኘሽው ስልሽ፣ ባረፈችበት ቀን ከላከችልሽ የድምጽ መልእክት እንደሆነ ነገርሽኝ፤ እያወራችሽ መሃል ላይ «ቆይ አባትሽን ልጥራው፣ ያናግርሽ» ብላ ነበር። ዓይኔን ደከመኝ ብዬ ስልኩን መለስኩልሽ። አንቺ ግን ስትሄጂ ጠረጴዛው ላይ ትተሽልኝ ሄድሽ።

ከድምጿ ኋላ ብሩሽ የማጥብበት ውሃ ይንቦጫረቃል። ስትጠራኝ ቀጥ ይላል። ከዚያ እንደገና ይጀምራል። ያንቺ ጆሮ ከእኔ ይልቅ ቀጭን ነው፤ ሰምተሽው እንደሆነ አልጠየቅኩሽም።

ወደ ማደሪያሽ በተመለስሽ ማግስት ግድግዳውን ቀባሁት። ነጭ ቀለም፣ ሁለት እጅ ደርቤ። እርጥበት ገብቶበት ነው፣ ደግሞም አስተማሪሽ ሲመጣ ቤቱ እንዲያምር ነው አልኩሽ።

ባለፈው ስትመጡ ስልኩ ክፍሉን አላውቅም አለ። ቁልፉ ጣሪያ ላይ ተንሳፈፈ፤ የእናትሽም ድምጽ ጠፋ። ባለመነጽሩ ከአባትሽ መሰላል እንዋስ ብሎ ቀለደ፤ አንቺ አልሳቅሽም። አስተማሪው መጥቶ የሚያየው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ካልሠራ ዓመቱን ትደግማላችሁ። ስህተቱ የእኔ ነው ብለሽ በኮምፒውተር የጻፍሽውን ሁሉ ከላይ እስከ ታች ፈተሽሽው። ምግብ ሳቀርብልሽ «መጣሁ አባዬ» ትያለሽ፤ አትመጪም። እኔም እንደ እንግዳ ቆሜ አይሻለሁ።

ነገሩ የገባኝ ጫማዬን ላወልቅ በሩ ላይ ጎንበስ ስል ነው። ባለመነጽሩ «ስልኩ ግድግዳውን የሚለየው በእድፉና በስንጥቁ ነው፤ ነጭ ብቻ ከሆነ ዓይኑ የሚይዘው የለም፤ ሌላ ክፍል ውስጥ እንደገና ለመሥራት ደግሞ ጊዜው አልቋል፤ ለምን ለአባትሽ አትነግሪያቸውም?» እያለ ይጨቀጭቅሻል። አንቺም ድምጽሽን ዝቅ አድርገሽ መለስሽለት።

«ተወው። እሱ ያን ድምጽ መስማት ካልቻለ፣ እኔ ዓመቱን ብደግም ይሻለኛል።»

ጫማዬን መልሼ አጠለቅኩና ወጣሁ። የት እንደሄድኩ አላስታውስም።

ዛሬ ስጸልይ ያቺን ኃጢአቴን አላለፍኳትም፤ በስሟ ጠራኋት። ከዚያ የቀለም መፋቂያ ስፓቱላዬን ይዤ መኝታ ቤት ገባሁ። ቅባት ያለበት ግድግዳ በሳሙና ሳይታጠብ ቀለም አይዝም፤ አብሮኝ ቀለም ለሚቀባ ሁሉ የምለው ነው። ግድግዳውን በቀባሁበት ቀን ግን እጄ ያን የጸጉሯን ቅባት ለማጠብ እምቢ ስላለኝ እንዲሁ ላዩ ላይ ነበር የቀባሁት። እርጥብ ጨርቅ ለጥፌ ቆይቼ ጫፉን ብነካው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳልኝ። ዳር ዳሩን አበላሽቼዋለሁ፣ ይቅር በይኝ። የጠቆረው መሃሉ ግን አለ። ስንጥቁም አለ።

ነገ አይዞሽ። የጀመርሽውን ያስጨርስሽ፤ በወጣሽበት ሁሉ ሰው ፊት ሞገስ ይስጥሽ፤ ስትጣሪ የሚሰማሽ አያሳጣሽ። ያንንም ልጅ ስለ መሰላሉ አልተቀየምኩትም በይልኝ።

ጨዋታው ይሠራል። በምን አወቅክ ካልሽኝ፣ ይህን ልጽፍ የተቀመጥኩት ስልኩን ገና ከእጄ አስቀምጬ ነው። መጀመሪያ ቁልፉ ጣሪያው ላይ ወጣ፤ ጠበቅኩት። ቀስ ብሎ ወረደና ራስጌው ላይ ተቀመጠ። ድምጿ መጣ። ውሃው ተንቦጫረቀ፣ ቀጥ አለ። እንደገና ሳይጀምር «አቤት» አልኳት።

አባትሽ