ቡኒዋ ሰንጢ የቀረች ሰሞን

ውድ ሞረድ፣

እንዴት ነህ? እናትህስ? ወገባቸው ተሻላቸው? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ደህና ብሆን ኖሮ መደወል ይቀለኝ ነበር። በስልክ ስንገናኝ ስለ ብርዱ እናወራለን፣ ስለ እናትህ መድኃኒት እናወራለን፣ ከዚያ «በይ እንግዲህ» ትለኛለህ፣ «በል እንግዲህ» እልሃለሁ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ያላልኩህን ነገር ሁሉ ታቅፌ ቁጭ እላለሁ። ለዚህ ነው ዛሬ የምጽፍልህ። እጄ የፍሬም ሙጫ ስለነካው ወረቀቱ ቢቆሽሽ አትፍረድብኝ።

ቡኒዋ ቀረች። መስማትህን አውቃለሁ፤ ግን እንዴት እንደተረዳን አልሰማህም። ቅዳሜ ከሰዓት እንደ ልማዳችን ሰንጢዎቻችንን ይዘን ከሱቄ ጓዳ ተሰብስበናል። ሾፌሩ አዲስ ያገኛትን ባለ እንጨት እጀታ እያሳየን ሲፎክር ፋርማሲስቱ ሰላም እንኳ ሳይሉ ገቡ።

«ፋብሪካው ቡኒዋን አቁሟል» አሉ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው።

«ለጊዜው ነው አይደል ጋሼ?» አለ ሾፌሩ።

«ለሁልጊዜው። መደብሩ ድረስ ሄጄ ጠይቄ ነው የመጣሁት። በሷ ፈንታ ሌላ ይመጣል፤ እጀታው ፕላስቲክ።»

«ፕላስቲክ!» አሉ እትዬ ነርስ፣ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ እንዲህ ሲደነግጡ አይቻቸው አላውቅም።

ሰው ይስቅብን ይሆናል። መዳፍ ውስጥ የምትገባ፣ ቡኒ ቀንድ እጀታ ያላት አንዲት ተጣጣፊ ሰንጢ ናት እኮ። ግን ሁላችንም መሰብሰብ የጀመርነው በሷ ነው፤ ብትጠፋ ሌላ እንደምትገዛ ስለምታውቅ ኪስህ ከተህ የምትረሳት፣ ሁልጊዜ ያለች የምትመስል ነገር ነበረች። ሾፌሩ ሻዩን ሳይጨርስ ተነስቶ ወጣ። ከተማውን ሲያካልል ውሎ በማግስቱ ያመጣት አንዲት እጀታዋ የተሰነጠቀ ናት፤ እንደ አራስ ልጅ በፎጣ ጠቅልሏታል። እትዬ ነርስ የራሳቸዋን ቡኒ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፈውባት አሁን ብርቱካን በጥፍራቸው ይልጣሉ። ፋርማሲስቱ «ዋጋዋ ሰማይ ይነካል» እያሉ ሊያጽናኑን ሞከሩ፤ የራሳቸው ዓይን ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

አንተ ብትኖር ትስቅብን ነበር። ከመካከላችን ሰንጢውን እንደ ሰንጢ የሚጠቀም አንተ ብቻ ነበርክ። እኛ በጨርቅ እየወለወልን መደርደሪያ ላይ ስናስቀምጥ አንተ ካርቶን ትከፍትበታለህ፣ እርሳስ ትቀርጽበታለህ፣ የቁልፍ መቅረጫ ማሽንህን ብሎን ትፈታበታለህ፤ ከዚያ ደጃፍህ ላይ ቁጭ ብለህ ትስላለህ። ሞረድ የሚለው ስም የወጣልህ በዚሁ ነው። የሱቆቻችን ግድግዳ አንድ ስለነበር ስትስል ይሰማኝ ነበር፤ መስታወት እየቆረጥኩ ድምፁን አዳምጣለሁ። አሁን ከግድግዳው ወዲያ ያለው ስልክ ጠጋኝ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የስልክ ጥሪ ነው የምሰማው። ናፍቀኸኛል። ይኸው፣ አልኩት።

ስለ ዋጋ ሲነሳ ሁሉም ዞረው መደርደሪያዬን አዩ። አንተ የተውካት የቡኒዋ ሳጥን እዚያው ናት፤ በሰፊ ፕላስተር ዙሪያዋን እንደ ጠቀለልካት። ያቺን ቀን ታስታውሳለህ? ማሽንህ ተጭኗል፣ መኪናው ጡሩንባ ይነፋል፣ አንተ ሳጥኗን ይዘህ በሬ ላይ ቆመሃል።

«ይቺን አስቀምጪልኝ እመቤት ፍሬም» አልከኝ።

«እስከ መቼ?»

«ቡኒዋን መሥራት ያቆሙ ዕለት ክፈቻት።»

ሁለታችንም ሳቅን። ያኔ እንዲህ ማለት መቼም አትክፈቻት እንደ ማለት ነበር። እኔ ደግሞ «አትሂድ» ልልህ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን እናቱ የታመመችበትን ሰው አትሂድ ማለት ምን ዓይነት ጭካኔ ነው ብዬ ዋጥኩትና «ምሳ በላህ?» አልኩህ። «በልቻለሁ» አልክ። አልበላህም ነበር፤ ፊትህ ያስታውቅ ነበር።

እንግዲህ ፋርማሲስቱ ሳጥኗን ሲያዩ ዓይናቸው አላርፍ አለ። ያልተከፈተች ቡኒ በከተማው የቀረችው እሳቸው ጋ ያለችው አንዲትና ያንተዋ ብቻ ናቸው።

«እንደ ታሸገች ስጪኝ፤ ከመደርደሪያዬ የወደድሽውን ሁሉ ምረጪ» አሉኝ። ከዚያ «እስቲ አንድ ጊዜ» ብለው መድኃኒት ቤታቸው ወሰዷትና ከራሳቸዋ ጋር በሚዛን አስተያይተው መለሷት። ፊታቸው ቅጭም ብሏል።

«ከኔዋ ትቀላለች። ፕላስተሩ ተጨምሮባት እንኳ ትቀላለች።»

«መጨረሻ መጨረሻ ላይ ብረት መቆጠብ ጀምረው ነበር ማለት ነው፤ ሌቦች!» አለ ሾፌሩ። በዚህ ሲከራከሩ ቆዩ። እኔም ፋብሪካውን አማሁ፤ ሌላ ነገር በሐሳቤ ውልም አላለ።

ከዚያ ፋርማሲስቱ እንደ ዋዛ «ለሞረድ እኮ ደውዬለት ነበር» አሉ። «ጉድ ነው የሚል መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ‹እሷ ሰማች?› አለኝ። ሰምታለች ስለው ዘጋው። ምን የሚሉት ሰው ነው? ለቡኒዋ ትንሽ እንኳ አያዝንም?»

ቀልቤ ግፍፍ አለ። እትዬ ነርስ ቀና ብለው አዩኝ።

«ምን አደራ ብሎሽ ነበር ልጄ?»

«ያቆሙ ዕለት ክፈቻት ብሎኝ ነበር።»

«ታዲያ አቆሙ አይደል?»

«እትዬ፣ ከተከፈተች እኮ ዋጋ የላትም!» አሉ ፋርማሲስቱ። እትዬ ነርስ ግን የሳቸውን ነገር ከቁም ነገር አልቆጠሩትም፤ ቦርሳቸውን አንስተው «በሉ እንሂድላት» ብለው ሁሉንም እየነዱ ወጡ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ፈርቼ ነበር። ዋጋዋ አልነበረም ያስፈራኝ። ሳጥኗ ተዘግታ እስካለች ድረስ አንተም ተመልሰህ የምትወስዳት ይመስለኛል፤ ጠዋት ጠዋት አቧራዋን ስጠርግ «እንደምን አደርክ» እንደ ማለት ይቆጠርልኝ ነበር። ውስጧ ተራ አዲስ ሰንጢ ካገኘሁ ግን ነገሩ ሁሉ አለቀ ማለት ነው፤ ዕቃ አስቀመጥክ፣ ዕቃ ጠበቅኩ፣ በቃ። ቢሆንም ከፈትኳት። በራሴ ቡኒ ሰንጢ ፕላስተሩን ቀደድኩ።

ያንተዋ ናት። የኪስህ። እየሳልክ እየሳልክ ስለቷን በግማሽ ጨርሰኸዋል፤ ለካ የቀለለችው ለዚህ ነው። እጀታዋ ላይ እኔ ሱቅ ወለል ላይ የወደቀች ጊዜ የተፈነከተችበት ጠባሳ አለ። መታጠፊያዋ ውስጥ የቁልፍ ብናኝ፣ ያ የሚያስነጥሰኝ ቢጫ ብናኝ፣ አሁንም አለ። ሳጥኗ ውስጥ የነበረችውን አዲሷን አንተ ይዘሃት ሄደህ፣ አንድ ቀን እንኳ ከእጅህ የማትለያትን ለኔ ትተሃታል። ይህን ሁሉ ጊዜ አብራኝ ነበረች፤ እኔ እሷን ታቅፌ ስልክህን እጠብቅ ነበር!

መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ከዚያ እንባዬ መጣ፣ ከዚያ ደግሞ ተናደድኩብህ። አንተ ፈሪ! የልብህን በሳጥን አሽገህ፣ መቼም የማይመጣ ቀን ትቀጥርልኛለህ? ፋብሪካው ባያቆም ኖሮስ? አርጅተን ልንሞት ነበር እኮ። ደግሞ ማን ማንን ፈሪ ይላል? «ምሳ በላህ» ያልኩህ እኔ ነኝ።

ፋርማሲስቱ ሲያዩዋት ራሳቸውን ይዘው ተቀመጡ። «ይቺ እኮ አልቃለች!» አሉ። አዎ ጋሼ፣ አልቃለች አልኳቸው፤ ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ። እትዬ ነርስ አገላብጠው አይተው ግንባሬን ሳሙኝ።

አሁን ኪሴ ውስጥ ናት። የፍሬም ጀርባ ወረቀት እቆርጥባታለሁ፤ ደንዛለች፣ ወረቀቱን ትቦጫጭረዋለች። ሾፌሩ ልሳልልሽ ቢለኝ እምቢ አልኩት። ያንተን አሳሳል ሌላ እጅ እንዲያበላሽብኝ አልፈልግም።

ፋርማሲስቱን ለጠየቅካቸው ጥያቄ መልሱ ይኸው፦ ሰምቻለሁ፤ ከፍቻታለሁም። እናትህን ትተህ ና አልልህም፤ ይዘሃቸው ና። እዚህ ደረጃ የሌለው ምድር ቤት ነው፣ ለወገባቸው ይስማማል፤ ጓዳዬም ለሁለት ወንበር ብቻ የተሠራ አይደለም። ስልክ ጠጋኙ የድሮ ሱቅህን በዚህ ወር መጨረሻ ይለቃል። አከራይዋ ትናንት አንድ ተከራይ ይዘው መጥተው ቤቱን ሲያሳዩ ሰማሁና ሙጫዬን ጥዬ ወጣሁ። ሰው አለው ብያቸዋለሁ።

እመቤት ፍሬም